መጀመሪያ ደህናውን ጉልበት

ጡረታ ብለው ከሸኙኝ ወዲህ ሥራዬ ገዳሪፍ እህል ገበያ ዳር ተቀምጦ የሰው አካሄድ ማየት ሆኗል። ሌላው ሰው የሚያልፈውን ፊቱን ያያል፤ እኔ፣ ነውር አይሁንብኝና፣ ዓይኔ ከወገብ በታች ነው። ያችኛዋ ቀኝ ዳሌዋን እያዳነች ትረግጣለች። ያ ጆንያ ተሸካሚ ሸክሙን የሚይዘው በቀኝ ነው፤ የወረደው ግን ግራ ትከሻው ነው። ለምን? ይኸን ጮክ ብዬ ስጠይቅ ጎረቤቴ፣ «ኧረ ትርንጎ፣ ሰውን ተይው፣ በሰላም ይለፍ!» ትለኛለች። ምን ላድርግ? ዓይን ጡረታ ውጣ ቢሉት እሽ አይልም።

ሥራዬ ማሸት ነበር። በሰው አፍ ወጌሻ፣ በክሊኒኩ ወረቀት የፊዚዮቴራፒ ረዳት እባላለሁ። መርፌ ወግቼ፣ ክኒን ሰጥቼ አላውቅም። የነበረኝ እጄ፣ የሰሊጥ ዘይት፣ በጨርቅ የተቋጠረ የጋለ ጨው፣ ኋላ ላይ ደግሞ በረዶና የላስቲክ ገመድ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን «ለምን» የምትል አመል አለችብኝ። እናቴ፣ «ይች ልጅ ስትወለድም ያለቀሰች አይመስለኝም፤ የጠየቀች ነው የሚመስለኝ» ትል ነበር።

የተወለድኩት ከመተማ ወዲያ ቆላው ነው። ደርግ በወደቀ ሰሞን ከአጎቴ ልጆች ጋር ድንበር ተሻግሬ ሱዳን፣ ቁረይሻ የሚባል የሰሊጥ አገር ገባሁ፤ ለሰሊጥ አጫጆች ወጥ ሠሪ ሆኜ። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም። ከደረሰ በኋላ ጥቂት ቀን ካዘገዩት ፍሬው ተሰንጥቆ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ወንዶቹ ከንጋት እስከ ጀምበር መጥለቂያ እንዳጎነበሱ ይውላሉ። በሦስተኛው ቀን ሰፈሩ በሙሉ ወገቡን ይዞ ነው የሚነሳው።

ከመሃላቸው አንድ ሽማግሌ ብቻ ወገቤን ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም። ሁልጊዜ አንድ ነዶ አስረው በጨረሱ ቁጥር ማጭዳቸውን ጥለው፣ ሁለት እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ ወደኋላ ለጠጥ ብለው ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ጸሎት መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ውኃ ሳቀብላቸው፣ «አባ፣ ምን እያሉ ነው?» አልኳቸው።

«ምንም አላልኩ፤ ወገቤ ቀጥ ማለት እንዳይረሳ እያስታወስኩት ነው» አሉኝ።

ይኸ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ያለ ቅባት፣ ያለ ክኒን፣ ቀና በማለት ብቻ? በማግስቱ ጭልፋዬን ይዤ ቆምኩና፣ «ነዶ አስሮ ቀና ያላለ ከእኔ ወጥ የለውም» አልኩ። ሳቁብኝ፤ ግን ወጥ ከማጣት ቀና ማለት ይሻላል። ከሳምንት በኋላ ማታ ማታ ጨው አግይልኝ የሚለኝ ሰው እየቀነሰ ሄደ። ያኔ ነው ሰው አካል ላይ ዓይኔን የጣልኩት።

አጨዳው ሲያልቅ በጭነት መኪና ገዳሪፍ ገባን። ከመኪናው ስወርድ እግሬ ተጠመዘዘና ቁርጭምጭሚቴ አበጠ። ደግፈው ሐጃ ዘይነባ ቤት ወሰዱኝ። ሐጃ የጎንደር ሙስሊም ናቸው፤ ባለቤታቸው ሱቅ ነበራቸው፤ ገዳሪፍ ከመክረማቸው የተነሳ ሲቆጡ በዐረብኛ፣ ሲያዝኑ በአማርኛ ነበር የሚናገሩት። ወጌሻነታቸውን የማያውቅ አልነበረም።

እኔ እግሬን ዘርግቼ፣ አሁን ይጎትቱኛል ብዬ ጥርሴን ነክሼ ተቀምጫለሁ። እሳቸው ግን አይነኩኝም። ይጠይቁኛል። ስትወርጅ መጀመሪያ ያሳረፍሽው የትኛውን እግር ነው? ድምፅ ሰማሽ? ሌሊት ነው የሚብስሽ ጠዋት? ከዚያ፣ «እስቲ እስከ በሩ ሂጅና ተመለሽ» አሉ። ሄጄ መጣሁ። ከዚያ ወደ ዚሩ ሄዱ፤ ዚር ሱዳን ቤት ሁሉ ጥላ ሥር የሚቆም የሸክላ ውኃ ጋን ነው። እጃቸውን እንዲቀዘቅዝ ነክረው፣ በቀሚሳቸው ጠረግ አድርገው፣ የመዳፋቸውን ጀርባ ደህናው ቁርጭምጭሚቴ ላይ አሳረፉት።

«ሐጃ፣ የታመመው ይኸኛው እኮ ነው!» አልኩ።

«አየሁት። ደህናሽን ሳላውቅ የታመመውን በምን ልለካው?»

ከዚያ ቤት ሳልወጣ ስድስት ዓመት ቆየሁ። መጀመሪያ ታማሚ፣ ቀጥሎ ውኃ ቀጂ፣ ቀጥሎ ዘይት አሟቂ፣ ኋላ የእጃቸው ረዳት ሆንኩ። ጅማት እንዴት እንደሚያዝ፣ ባት ከታች ወደ ላይ እንጂ ከላይ ወደ ታች እንደማይታሽ፣ ሰው ሲያመው ትንፋሹን እንደሚይዝና ሳይተነፍስ ቢያሹት ሥጋው እሽ እንደማይል ከእሳቸው ነው የተማርኩት። «ጣትሽ ይጠይቅ እንጂ አይዘዝ» ይሉኝ ነበር። የገረመኝ ግን ካዳኑት ሰው ይልቅ ሳይነኩ የመለሱት ነው። የታመመው መገጣጠሚያ ከደህናው ይልቅ ከጋለ ዘይቱን ይከድኑታል። «ይኸ የእኔ አይደለም» ይላሉ። ሰውየው ቢለምናቸው፣ ሴትየዋ ብታለቅስባቸው አይሰሙም። ቶባቸውን ተከናንበው ራሳቸው ሐኪም ቤት ድረስ ይሸኛሉ።

ግቢያቸው ጥግ ላይ የጭስ ጉድጓድ ነበር። እኛ ወይባ የምንሞቀውን ሱዳኖቹ ዱኻን ይሉታል። ጉድጓዱ ውስጥ የግራር እንጨት ይጨሳል፤ ሴትዮዋ ዘይት ተቀብታ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ አንገቷ ብቻ ብቅ ብሎ ከላይ ትቀመጣለች። ቁርጥማት ያለባት ሴት ተደግፋ ገብታ በእግሯ ስትወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ጭሱ ነው ወይስ ሙቀቱ? ሐጃ «ጭሱ ነው» ይላሉ፤ እኔ «የጋለ ጨውም እኮ እንዲሁ ያደርጋል፤ ሙቀቱ ነው» እላለሁ። በዚህ ስድስት ዓመት ተከራክረን አንዳችንም አልተሸነፍንም። በአንድ ነገር ግን ክርክር አልነበረም፤ ሐጃ ማንንም ሴት ሳይነኩ ወደ ጭስ አያስገቡም፤ ከጭስ የወጣችን ደግሞ በዚያ ቀን አያሹም። «ከጭስ በፊት እጅ» ነው ሕጋቸው።

ኋላ እህል ገበያው አጠገብ አንድ ክሊኒክ ተከፈተ። ኃላፊው ዶክተር እስማኢል የሚባል ቀጭን፣ ንግግር የሚቆጥብ ሱዳናዊ ነበር። ሴቶቹ ለወንድ እጅ እሽ ስላላሉት ሴት ረዳት ይፈልግ ነበር። ሐጃ ጠሩኝና፣ «እኔ አርጅቻለሁ። አንች ሂጅና የእነሱን 'ለምን' ተምረሽ ንገሪኝ» አሉኝ። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለስኳር ይበቃ ነበር። መዝገቡ በዐረብኛ ስለሆነና እኔ በዐረብኛ ስለማልጽፍ፣ ለእያንዳንዷ ሴት ትንሽ ሰው እስልና ያመማትን ቦታ በቀይ እቀባለሁ። ዶክተሩ መጀመሪያ ሳቀ። ከወር በኋላ የራሱን ጽሑፍ ትቶ የእኔን ሥዕል ያይ ጀመር።

በረዶ ያየሁት እዚያ ነው። ወለም ያለውን እግር በበረዶ ሲጠቀልል፣ «አበስኩ ገበርኩ! ዶክተር፣ ብርድ ልታስመታት ነው?» አልኩት። «ተይና እይ» አለኝ። አየሁ፤ እብጠቱ ቀነሰ። በዚያው ሐጃ ጋ ሮጥኩ። «ትኩስ ጉዳት በብርድ፣ የቆየ ድርቀት በሙቀት ነው የሚሉት» ብዬ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣ «እንግዲያው እኔ የዘይቱን ቀን አልሳትኩም፤ የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ነው ያባከንኩት» አሉ። አርባ ዓመት የሠራ ሰው እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም።

አንድ ዓመት ደግሞ ፋው ወደሚባል የጥጥ አገር ላኩኝ። እዚያ ጥጥ ለቃሚ ሴቶች በማጅራት ሕመም ይሰቃዩ ነበር። ሁለት ሳምንት አሽቼ አሽቼ ሕመሙ ሲመለስብኝ ጊዜ ተናደድኩና እርሻው ድረስ ሄድኩ። ከረጢቱን አንገታቸው ላይ ነው የሚያንጠለጥሉት! ገመዱን ወደ ወገባቸው አወረድነው፤ አለቀ። ከዘይቱም ከበረዶውም የበለጠች ያች ገመድ ነበረች። ከፋው ስመለስ እንግዲህ ደረቴ ተነፍቷል። የማላውቀው ነገር ያለ አልመሰለኝም ነበር።

ዝናሽን የጎዳኋት ያኔ ነው።

ዝናሽ ጎንደሬ ናት፤ እህል ገበያው በር ላይ ሻይ ትሸጣለች። የገዳሪፍ ሻይ ሻጭ በገመድ የተጠለፈች ዝቅ ያለች መቀመጫ ላይ ጉልበቷን አጥፋ ነው የምትውለው። ምላሷ ስለት ነው፤ ከተሸካሚ እስከ ነጋዴ ሳትተርበው የሚያልፍ አልነበረም። ወሩ የሠርግ ወር ነበር፤ የክሊኒኩ የሴቶች ክፍል በድግስ ሥራ ወገባቸው በተያዘ ሴቶች ጢም ብሏል። እሷ እያነከሰች ገባች።

«እትየ ትርንጎ፣ ከትናንት ጀምሮ ጉልበቴ ነደደ። ጎረቤቴ ዱኻን አስገብታኝ ቀጥታ ከዚያው መምጣቴ ነው፤ ትንሽም አልተወኝ።»

ብርድ ልብሷን እንደተከናነበች ነበረች። ላቧ ይንጠፈጠፋል። ጉልበቷ አብጧል። እጄን አሳረፍኩበት፤ ይፋጃል። ግን ግንባሯም ይፋጃል፣ ክንዷም ይፋጃል፣ ሁለመናዋ ከጭስ የወጣ ነው። «ዱኻኑ ነው» አልኩ በልቤ። ዚሩ ከበሩ ሦስት እርምጃ ነበር፤ እጄን አልነከርኩም። ደህናውን ጉልበቷን አልነካሁም። ትንሽ አየር ይንካት፣ ትቀዝቅዝ አላልኩም። ውጭ ሰባት ሴት ትጠብቃለች። ዘይት አፍስሼ አሸኋት፣ ጉልበቷን ደጋግሜ አጠፍኩት። ነጠላዋን ነክሳ ቻለችው። «ቤትሽ ግቢ፣ ነገም ጭስ ሙቂ፣ በሦስተኛው ቀን ነይ» አልኳት።

በሦስተኛው ቀን አልመጣችም። ገበያው በር ሄድኩ፤ ቦታዋ ባዶ ነው። ቤቷ ስደርስ ብርድ ብርድ እያላት ትንቀጠቀጣለች፤ ጉልበቷ ቅል አክሏል፤ ስሜን ስጠራላት አላወቀችኝም። እዚህ ሪክሾ የሚሉትን ባጃጅ ጠርቼ ሐኪም ቤት አደረስኳት፤ ሐጃም ሰምተው ደረሱ። መገጣጠሚያው ውስጥ መግል ነበር። ቀደዱት፣ አጠቡት። ሐኪሙ ሲወጣ፣ «ሕይወቷ ይተርፋል። ሦስት ቀን ቀድማ መጥታ ቢሆን ጉልበቷም ይታጠፍ ነበር» አለ። «ማን ነው ቤት ቆይ ያላት?» ብሎም ጠየቀ።

ሐጃ እጄን ይዘው ደረጃው ላይ አስቀመጡኝ።

«ደህናውን ነክተሽ ነበር?»

«አልነካሁም።»

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ በዐረብኛ እንኳ አልተቆጡም። «ያ ረቢ» ብለው አምላካቸውን ጠሩ። ከዚያ፣ «ሙቀት ውስጥ ሙቀት ፈለግሽ። ኻላስ፣ ሆነ። አሁን አንድ ነገር ብቻ ቀርቶሻል፤ ስትነቃ ንገሪያት» አሉኝ።

እሽ አልኩ። አልነገርኳትም።

ፈራሁ፤ ሌላ ስም የለውም። መጀመሪያ፣ ቁስሏ ይዳን አልኩ። ቀጥሎ፣ ትበርታ አልኩ። ቀጥሎ፣ አሁንማ ምን ይፈይዳል አልኩ። የዝናሽ እግር እንደ ዱላ ቀጥ ብሎ ቀረ። ያች ዝቅ ያለች መቀመጫ ለእሷ አበቃላት፤ ሻይ ሻጭ ደግሞ ካልተቀመጠች ምን ትሆናለች? ዶክተር እስማኢልን ይዤ ለወራት ቤቷ ተመላለስኩ። ጉልበቷን ማጠፍ አልቻልንም፤ ዳሌዋን፣ ወገቧንና ሌላውን እግሯን ግን አጠነከርነው። እኔ ደግሞ አናጺ ይዤ ሄድኩና እሷን አቁሜ ለክርኗ የሚሆን ቁመት ለካሁ። ከፍ ያለ ጠረጴዛና ከፍ ያለ መደገፊያ በርጩማ አሠራሁላት።

የመጀመሪያው ቀን ተሸካሚዎቹ ከበው ሳቁባት። «ሚኒስትር ሆንሽ እንዴ ዝናሽ? ከላይ ሆነሽ ታይናለሽ!»

«አዎ! እናንተ አንገታችሁን ቀና አድርጉ፣ የጎበጠ ሰው ሻይ አይቀዳለትም!» አለቻቸው። ሄጄ ጥግ ላይ አለቀስኩ። ከዓመት በኋላ ወገባቸውን የሚያማቸው ሁለት ሌሎች ሻይ ሻጮችም ጠረጴዛቸውን ከፍ አደረጉ።

ከዚያ በኋላ ሥራ ላይ ክፉ ሴት ሆንኩ። ዚሩን አምጥቼ ክፍሉ በር ላይ አስቆምኩት። ከጭስ የወጣች ሴት፣ የአስተዳዳሪ ሚስትም ብትሆን፣ በነጋታው ቀዝቅዛ ካልመጣች አልነካትም። ደህናውን መጀመሪያ ስነካ፣ «ሥራሽን አታውቂም እንዴ?» የምትለኝ አለች። የጋለ መገጣጠሚያ ያገኘሁ ቀን ዘይቱን እከድንና ራሴ ሐኪም ቤት አደርሳለሁ። በረኛው፣ «ደግሞ ሸኝዋ መጣች» ይለኝ ነበር። ይበል።

ዝናሽ ጋ በየቀኑ ሻይ እጠጣለሁ። ወገቧን፣ ትከሻዋን የማሻትም እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው እጅ ሄዳ አታውቅም። አንድ ነገር ብቻ ይገርመኝ ነበር፤ መጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይ ለእኔ የምትቀዳው ሻይ ስኳሩ ያንሳል። የሌላውን አይቼ፣ የእኔን ቀምሼ፣ ስኳር ተወዶ ይሆናል እላለሁ።

ሐጃ በደከሙበት ሰሞን አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ እጃቸውን አሻለሁ። «ነገርሻት?» አሉኝ። «እነግራታለሁ» አልኩ። «እጅሽ ጥሩ ነው፤ አፍሽ ግን ገና ድርቀት አለበት። እሱንም አሽው» አሉኝ። በዚያው ሳምንት አረፉ።

ክሊኒኩን የለቀቅሁት ጣቶቼ ማበጥ ሲጀምሩ ነው። በእኔ ቦታ ከካርቱም የተማረች ልጅ መጣች፤ እዝ የምትል ማሽን አላት። የምቀናባት መስሏት ነበር፤ እኔ ግን ጡረታ በወጣሁ በማግስቱ ሄጄ፣ «እስቲ እኔ ላይ ሞክሪው፣ ምን እንደሚል ልስማ» አልኳት። ደስ ይላል፤ እንደ ንብ ነው። እሷም ማሽኑን ሰው ላይ ከማስቀመጧ በፊት እጇን ከዚሩ ነክራ ትመጣለች። «ማን አስተማረሽ?» ብላት፣ «በሩ ላይ ተጽፏል» አለችኝ። ዚሩን ባስቆምኩ ጊዜ ዶክተሩን ያስጻፍኩት ነው።

ባለፈው ወር ቀኝ ጉልበቴ ይዞኝ ከቤት ቀረሁ። ሁለት ቀን ከገበያው ስጠፋ ዝናሽ ያን የማይታጠፍ እግሯን እየጎተተች፣ የሰሊጥ ዘይት በጠርሙስ ይዛ መጣች።

«ተኝ። ዛሬ አሺዋ እኔ ነኝ።»

ይች ሴት የእኔን ጉልበት ልታሽ! ከዚያ በላይ መሸከም አቃተኝ።

«ዝናሽ፣ ቆይ፣ ተይው። ያን ጊዜ፣ ከዱኻን ወጥተሽ የመጣሽ ቀን፣ ማድረግ ያለብኝን አላደረግሁም። ደህናውን ጉልበትሽን ነክቼው ቢሆን ኖሮ ሕመሙን አውቀው ነበር። ሦስት ቀን ቤት ያስቀመጥኩሽ እኔ ነኝ። እግርሽን ያሳጣሁሽ እኔ ነኝ።»

ጠርሙሱን አስቀመጠች።

«ሐጃ ነግረውኛል» አለች።

«መቼ?»

«ሐኪም ቤት በተኛሁ በሳምንቱ። 'እሷም ትነግርሻለች፣ ጠብቂያት' አሉኝ። ይኸው ስጠብቅሽ ጠጉሬ ሸበተ።»

«ወይኔ! ታዲያ አልተናደድሽም?»

«ምን ማለትሽ ነው? ተቃጠልኩ እንጅ! ሁለት ዓመት ሙሉ ስኳር እየቀነስኩ ነው ያጠጣሁሽ።»

ልስቅ ነው ላለቅስ አላወቅሁም። «ለምን ታዲያ ሌላ ወጌሻ ጋ አልሄድሽም? ለምን ገላሽን ለእኔ ትሰጭ ነበር?»

«አንች አንዴ ተምረሽብኛል» አለች። «ሌላው ጋ ሄጄ እንደገና መማሪያ ልሁን?»

ከዚያ ተነሳች። ዚሩ ድረስ እያነከሰች ሄዳ እጇን ነከረች፣ በቀሚሷ ጠረግ አደረገች። ጉልበቷ ስለማይታጠፍ እግሯን ወደ ጎን ዘርግታ አጠገቤ ተቀመጠችና የመዳፏን ጀርባ ግራው፣ ደህናው ጉልበቴ ላይ አሳረፈችው።